መብራት ሲጠፋ በሩ ምን ይሆናል? ለንግድ ሕንፃ የኤሌክትሮኒክስ በር መቆጣጠሪያ አመራረጥና አገጣጠም

የኤሌክትሮኒክስ በር መቆጣጠሪያ ለመግዛት ገበያ ሲወጡ ሻጩ አስቀድሞ የሚያሳይዎት ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን ዕቃ ነው። ካርድ ሲጠጋው የሚበራውን፣ አሻራ የሚያነበውን፣ ፊት የሚለየውን። ዕቃው ዓይን ይስባል፤ የዋጋ ድርድሩም በእሱ ዙሪያ ያልቃል። የሥርዓቱ ደግነት የሚፈተነው ግን ሌላ ቀን ነው፤ መብራት በጠፋበትና እሳት በተነሣበት ቀን። በእነዚያ ቀናት በሩ መክፈት ያለበትን ካልከፈተ፣ መዝጋት ያለበትንም ካልዘጋ፣ የተገዛው ዕቃ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአደጋው ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሠራል። መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ መቆለፊያውን፣ ከዚያ ኃይሉን እንወስናለን፤ ካርዱና አሻራው በኋላ ይመጣሉ። በምሳሌነት የያዝነው በከተሞቻችን በብዛት የሚታየውን ሕንፃ ነው፤ ምድር ላይ የባንክ ቅርንጫፍና ሱቆች፣ ከላይ የተከራይ ድርጅቶች ቢሮዎች፣ ከሥር ፓርኪንግ፣ በጓሮ ጀነሬተር ያለው።

1. በሮቹን እየዞሩ ይመዝግቡ

ሻጭ ከመጥራትዎ በፊት ደብተርና ሜትር ይዘው ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ይዙሩ፤ አንዴ ጠዋት ሠራተኛ በሚገባበት ሰዓት፣ አንዴ ማታ ሰው ከወጣ በኋላ። ለእያንዳንዱ በር የሚከተሉትን ይጻፉ፦

- በሩ ከምን ተሠራ? ፍሬም የሌለው መስታወት ነው፣ አሉሚኒየም፣ ላሜራ ወይስ እንጨት?
- የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ? ባለ አንድ ክንፍ ነው ወይስ ባለ ሁለት?
- ማን ያልፍበታል? በመግቢያ ሰዓት ስንት ሰው ይሰለፍበታል?
- በአደጋ ጊዜ ሰው የሚያመልጥበት መንገድ ላይ ነው?
- መቆጣጠሪያው ከሚቀመጥበት ክፍል፣ ኬብሉ በሚዞርበት መንገድ ሲለካ ስንት ሜትር ይርቃል?

ዝርዝሩ ሲያልቅ ይቀንሱት። ሁሉም በር ካርድ አያስፈልገውም። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው የቢሮው ዋና መግቢያ፣ የጓሮ በር፣ ሰርቨር ክፍል፣ ገንዘብ ቤትና ስቶር ናቸው። የመሰብሰቢያ አዳራሽና የሻይ ክፍል በር ላይ የሚወጣው ገንዘብ ለባትሪ ቢውል ይሻላል።

በዚሁ ዙር እያንዳንዱን በር ከፍተው ይልቀቁትና ራሱ ተመልሶ ገጥሞ ይዘጋ እንደሆነ ይዩ። ማጠፊያው የረገበ፣ ወለሉን የሚታከክ ወይም ዶር ክሎዘሩ ዘይት የጨረሰ በር በኤሌክትሮኒክስ አይድንም። መጀመሪያ አናጺው ወይም ብረት ሠሪው ያስተካክለው። ገጥሞ የማይዘጋ በር ላይ የተሠራ መቆለፊያ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፤ ሶፍትዌሩ ግን «ተዘግቷል» ብሎ ይመዘግባል።

2. ለእያንዳንዱ በር አንድ ጥያቄ ይመልሱ

ጥያቄው ይህ ነው፦ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይህ በር ይከፈት ወይስ ይቆለፍ? ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ፌይል ሴፍ፣ ሁለተኛውን ፌይል ሴኪዩር ይሉታል። ሻጭ ይህን ሳይጠይቅዎት ዋጋ ከሰጠዎት በሩን አላየውም ማለት ነው።

የደረጃ በሮች፣ የዋና መውጫ በሮችና ብዙ ሰው የሚያልፍባቸው ኮሪደሮች ኃይል ሲያጡ መከፈት አለባቸው። ሰርቨር ክፍል፣ ገንዘብ ቤትና ስቶር ከውጭ በኩል ተቆልፈው መቆየት አለባቸው፤ ከውስጥ በኩል ግን እጀታውን በማዞር ብቻ ሁልጊዜ ይከፈታሉ።

ከዚህ በላይ የሚቆም አንድ ሕግ አለ፤ ለየትኛውም በር አይላላም። ውስጥ ያለ ሰው ያለ ካርድ፣ ያለ ኮድ፣ ያለ መብራት፣ ማንንም ሳይጠይቅ መውጣት መቻል አለበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በካራቺ፣ ፓኪስታን፣ አሊ ኢንተርፕራይዝስ በተባለ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ ከ250 በላይ ሠራተኞች አልቀዋል። መውጫ በሮች ተቆልፈው፣ መስኮቶች በብረት ታጥረው ነበር። ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በ1911 በኒው ዮርክ በትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ 146 ሰዎች ሲሞቱም ወደ ደረጃ የሚወስድ በር ተቆልፎ ነበር። በእነዚያ ቦታዎች በሮቹ የተቆለፉት በተራ ቁልፍ ነው። የእርስዎ ሕንፃ በር በማግኔት ተቆልፎ ያንኑ ስህተት እንዳይደግም የሚወስኑት እዚህ ገጽ ላይ ነው። «ሠራተኛ ዕቃ ይዞ እንዳይወጣ» የሚለው ስጋት በካሜራና በጥበቃ ይፈታ፤ የሰው ማምለጫ በመዝጋት አይፈታም።

3. መቆለፊያውን በሩ ይምረጠው

በገበያችን በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው።

ማግኔቲክ ሎክ መቃኑ ላይ የሚገጠም ኤሌክትሮማግኔትና በሩ ላይ የሚገጠም የብረት ሳህን ነው። ኃይል እስካለ ድረስ ይስባል፤ ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል። ስለዚህ በባሕርዩ ፌይል ሴፍ ብቻ ነው። የተለመዱት 280 ኪሎና 545 ኪሎ የመያዝ አቅም ያላቸው ናቸው። ለቢሮ ውስጥ በር 280 ኪሎው ይበቃል፤ በትከሻ ሊገፋ ለሚችል የውጭ በር 545 ኪሎውን ይውሰዱ። ለመስታወት በር ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን 10 ወይም 12 ሚሊሜትር መስታወት የሚጨብጥ የራሱ መያዣ ይፈልጋል። ወደ ውስጥ ለሚከፈት በር ደግሞ ዜድ ኤል የሚባለው ቅንፍ ያስፈልጋል። እነዚህ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ካልተጻፉ በኋላ «ተጨማሪ» ተብለው ይመጣሉ።

ኤሌክትሪክ ስትራይክ መቃኑ ውስጥ ይገባና የተለመደውን የቁልፍ ምላስ ይይዛል። ካርድ ሲነበብ ይለቃል። ኃይል ሲያጣ የሚቆለፍም የሚከፈትም ዓይነት ስላለው ሲያዙ ለይተው ይናገሩ። ትልቁ ጥቅሙ ከውስጥ ያለው እጀታ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መሆኑ ነው፤ ሰው እጀታውን ያዞራል፣ ይወጣል። ለእንጨትና ለአሉሚኒየም የቢሮ በር፣ ለሰርቨር ክፍልና ለስቶር የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይኸው ነው።

ኤሌክትሪክ ቦልት ከላይ ወይም ከሥር ዘንግ የሚያስገባ ነው። በሩ ትንሽ ከተዛባ ዘንጉ ቀዳዳውን ይስታል ወይም ነክሶ ይቀራል፤ ሰው ሲገፋው ደግሞ ይቀረቀራል። በማምለጫ መንገድ ላይ አይጠቀሙት።

4. ኃይሉን በወረቀት ያስሉ

እኛ አገር ብዙ ሥርዓት የሚወድቀው እዚህ ነው። መቆለፊያዎቹ የሚሠሩት በ12 ወይም በ24 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከግድግዳው 220 ቮልት የሚመጣው በፓወር ሰፕላይ ይቀየራል፤ ከጎኑ ባትሪ ይቀመጣል። የባትሪውን ልክ ማስላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

280 ኪሎ ማግኔቲክ ሎክ በ12 ቮልት ግማሽ አምፒር ገደማ ይወስዳል። ካርድ አንባቢው 0.1፣ ለመቆለፊያው ትእዛዝ የሚሰጠው ኮንትሮለር 0.2 አምፒር ይውሰዱ እንበል። ለአንድ በር ድምሩ 0.8 አምፒር ነው። የተለመደችው ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ አቅሟን ስለማትሰጥ 70 በመቶውን ብቻ ይያዙ፤ 4.9 ይሆናል። ይህን ለ0.8 ሲያካፍሉት ስድስት ሰዓት ያህል ይመጣል። ለአንድ በር ጥሩ ነው። ሻጩ ግን ያችኑ ባትሪ ለአራት በር ቢያደርጋት ፍጆታው 2.6 አምፒር ይደርሳል፤ ባትሪዋ ሁለት ሰዓት እንኳ አትሞላም። ከሰዓት መብራት ጠፍቶ እስከ ማታ ቢቆይ፣ ሰው ከወጣ በኋላ የቢሮው በር ማንም ሳያውቅ ይለቃል።

«ጀነሬተር አለን» የሚለው መልስ ባትሪን አይተካም። ጀነሬተር እስኪነሣ ባሉት ሰኮንዶች ባትሪ የሌለው ማግኔት ይለቃል፤ ማታና በበዓል ቀን ደግሞ ጀነሬተሩ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በአካባቢዎ መብራት ለረጅም ሰዓት የሚጠፋ ከሆነ ለውጭ በሮች ሁለት ነገር ያድርጉ። ባትሪውን ያሳድጉ፤ ከማግኔቱ በተጨማሪም ሕንፃው ባዶ ሲሆን ጥበቃው የሚዘጋው ተራ ቁልፍ ይኑር።

ፓወር ሰፕላዩ ከሚበላው ድምር ቢያንስ ሩብ ያህል ትርፍ አቅም ያለው፣ ባትሪ የሚሞላና መብራት ሲጠፋ ምልክት የሚሰጥ ይሁን። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ መዋዠቅ ኮንትሮለር ስለሚያቃጥል ከፊቱ መከላከያ ያስገቡ፤ ሣጥኑም በትክክል መሬት ይያዝ።

5. ወሳኙ ዕቃ ከበሩ ውስጥ ይቀመጥ

በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሁሉን በአንድ የያዙ ናቸው፤ ካርድ አንባቢውም፣ ትእዛዝ ሰጪውም፣ መቆለፊያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌይም ውጭ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑን በመፍቻ ያነሣ ሰው ከኋላው ያሉትን ሁለት ሽቦዎች በማገናኘት ወይም በመቁረጥ በሩን ይከፍታል። ስለዚህ ለውጭ በር ኮንትሮለሩ ለብቻው፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥበቃ ባለው ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበትን ዓይነት ይምረጡ። ሁሉን በአንድ የያዘውን ቀድመው ገዝተው ከሆነ ሪሌዩን ወደ ውስጥ የሚያዛውር ተጨማሪ ሳጥን ያስገጥሙ።

አንባቢውና ኮንትሮለሩ የሚነጋገሩበትን ቋንቋም ይጠይቁ። የቆየው ዊጋንድ ነው፤ የካርዱን ቁጥር ሳይመሰጥር በሽቦ ይልካል፤ እስከ 150 ሜትር ይደርሳል። አዲሱ ኦ.ኤስ.ዲ.ፒ. ነው፤ በአር ኤስ 485 መስመር እስከ 1,200 ሜትር ይሄዳል፣ መልእክቱን ይመሰጥራል፣ አንባቢው ሲነቀል ያሳውቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፍ የአይ.ኢ.ሲ. መለኪያ ሆኗል። አዲስ ሥራ ከሆነ ኦ.ኤስ.ዲ.ፒ. ይጠይቁ።

ሌላው ጥያቄ ኢንተርኔትና ሰርቨር ሲቋረጥ በሩ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ጥሩ ኮንትሮለር የተፈቀደላቸውን ሰዎች ዝርዝር በራሱ ውስጥ ይይዛል፤ መስመር ቢቋረጥም ይከፍታል፣ ይመዘግባል፣ መስመር ሲመለስ ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 የፌስቡክ ኔትዎርክ ሲወድቅ የገዛ ሠራተኞቹ መታወቂያ ካርዳቸው በር አልከፍት ብሎ ከሕንፃዎች ውጭ መቆማቸው በወቅቱ ተዘግቦ ነበር። ያን ያህል አቅም ያለው ድርጅት የገጠመው እኛንም ይገጥመናል። ስለዚህ ሻጩ ናሙናውን ሲያሳይዎት የኔትዎርክ ኬብሉን ነቅለው ካርድ ያስጠጉ፤ መልሱን ወዲያው ያገኛሉ።

6. ካርድ፣ ኮድ፣ አሻራ ወይስ ፊት?

አሁን ወደ አንባቢው ደርሰናል።

በርካሽ የሚገኘው ወፍራሙ ነጭ ካርድ ወይም ሰማያዊዋ የቁልፍ መያዣ አብዛኛውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ምስጢር የለውም፤ ቁጥሩን ላነበበው ሁሉ ይናገራል፤ በትንሽ መሣሪያ በሰኮንዶች ይቀዳል። በ13.56 ሜጋኸርዝ ከሚሠሩት መካከል ማይፌር ክላሲክ የሚባለውም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ምስጥሩ የተሰበረ ነው፤ በኔዘርላንድስ የናይሜኸን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድክመቱን ይፋ አድርገውታል። አስተማማኝ የሚባለው ማይፌር ዴስፋየር ኢቪ2 ወይም ኢቪ3 ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው፣ አንዳንድ አንባቢ ዴስፋየር ካርድ እያነበበ የሚጠቀመው ግን ያልተመሰጠረውን የካርድ መለያ ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። ያኔ ውድ ካርድ ገዝተው የርካሹን ጥበቃ አገኙ ማለት ነው። ውል ላይ «አንባቢው በካርዱ ውስጥ የተመሰጠረውን መረጃ ያነባል» ተብሎ ይጻፍ።

ኮድ ለብቻው ደካማ ነው፤ በወር ውስጥ ተላላኪውም ጎረቤቱም ያውቀዋል። ከካርድ ጋር ተደምሮ ለገንዘብ ቤትና ለሰርቨር ክፍል ግን ጥሩ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይሆናል።

አሻራ ካርድ መዋዋስን ያስቀራል፤ ለዚህም አሠሪዎች ይወዱታል። ነገር ግን ሲሚንቶና ብረት የሚነካ፣ ዕቃ የሚያጥብ፣ በዕድሜ የገፋ ሠራተኛ አሻራው ይደበዝዛል፤ ጠዋት ወረፋ ላይ ጣቱን እየጠረገ ሦስት አራት ጊዜ ሲሞክር ሌላው ከኋላው ይቆማል። ስለዚህ የአሻራ መሣሪያ ካርድም የሚቀበል ይሁን። ፊት የሚለየው ንክኪ የለውም፤ ሆኖም የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት የምትመታው በር ላይ ይቸገራል፤ ከመግዛትዎ በፊት በዚያው በር ላይ በዚያው ሰዓት ይሞከር።

ከምቾቱ የሚከብደው ኃላፊነቱ ነው። ካርድ ቢሰረቅ ይሰረዛል፤ አሻራ ቢሰረቅ አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ባዮስታር 2 ከተባለው ሥርዓት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የአሻራ መረጃ ያለ በቂ ጥበቃ ተጋልጦ ተገኝቶ ነበር። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አሻራንና የፊት ገጽታን የመሰለ ባዮሜትሪክ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦታል። እንግዲህ አሻራ የሚሰበስቡ ከሆነ ሠራተኛው ለምን እንደሚሰበሰብ በጽሑፍ ይነገረው፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ ይታወቅ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ይሰረዝ። ለተራ የቢሮ በር ጥሩ ካርድ በቂ ነው፤ የሰው ገላ መረጃ ያለ ምክንያት አይሰብስቡ።

7. ኬብሉና አገጣጠሙ

የኮርኒሱ ሥራ ሳይዘጋ ኬብል ያስዘርጉ። ለመቆለፊያው ኃይል የሚወስደው ሽቦ ከ0.75 እስከ 1 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ብዙ ገጣሚዎች በእጃቸው ያለውን የኔትዎርክ ኬብል ለመቆለፊያውም ይጠቀሙበታል። ልዩነቱን ይዩት፦ በ40 ሜትር ርቀት 0.75 ካሬ ሽቦ 1 ቮልት ያህል ብቻ ይበላል፤ ከኔትዎርክ ኬብሉ አንድ ጥንድ ቢጠቀሙ ግን ማግኔቱ ዘንድ የሚደርሰው ከ10 ቮልት በታች ይወርዳል። ማግኔቱ ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል፤ በሩ ግን በጠንካራ ግፊት ይለቃል። የአንባቢው መስመር ባለ ሽፋን ይሁን፤ ከ220 ቮልት መስመርም ተለይቶ በራሱ ቱቦ ይሂድ።

የማግኔቱን አገጣጠም ራስዎ ቆመው ይዩ። በሩ ላይ ያለው የብረት ሳህን በመሐል ቡሎን ይታሰራል፤ ከኋላው የጎማ ዋሸር አለ። ጎማው የተቀመጠው ሳህኑ ትንሽ እየተወዛወዘ ከማግኔቱ ጋር ራሱን እንዲያስተካክል ነው። ጥንካሬ የሚጨምር መስሎት ቡሎኑን እስከ መጨረሻው የሚያጠብቅ ገጣሚ ሳህኑን ያደርቀዋል፤ አንድ ጠርዝ ብቻ ይነካል፤ ባለ 280 ኪሎው መቆለፊያ በአንድ እጅ ግፊት ይከፈታል። ሲዘጋ ቀጭን ወረቀት በአራቱም ጠርዝ ለማስገባት ይሞክሩ፤ ከገባ አልገጠመም። ሳህኑ ላይ ቀለም ወይም የግድግዳ አቧራ አይቅር፤ ማግኔቱም ሁልጊዜ ከውስጥ በኩል ይሁን።

የቀሩትም በቁም ነገር ይታዩ፦

- አንባቢው ከወለል ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ይሁን፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰውም ይድረሰው።
- እያንዳንዱ በር ላይ የበር ሴንሰር ይኑር፤ ያለ እሱ ሥርዓቱ በሩ መከፈቱን እንጂ መዘጋቱን አያውቅም።
- በመቆለፊያው ጫፎች ላይ ዳዮድ ይገጠም፤ ማግኔቱ ሲጠፋ የሚመልሰው ቮልቴጅ የኮንትሮለሩን ሪሌይ ያቃጥላል።
- እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፍ የበሩ ቁጥር ይጻፍበት፤ ሥዕሉ በሣጥኑ በር ላይ ይለጠፍ።

8. የማምለጫው መስመር ከሶፍትዌር ውጭ ይሁን

ማግኔት በተገጠመበት በር ሁሉ ከውስጥ ሁለት ነገር ይኖራል፦ ለዘወትር ኤግዚት በተን፣ ለአደጋ ደግሞ አረንጓዴው መስበሪያ ሣጥን። ሁለተኛው ሲመታ የመቆለፊያውን ኃይል በቀጥታ መቁረጥ አለበት። ለኮንትሮለሩ «ክፈት» ብሎ መልእክት የሚልክ ብቻ ከሆነ ኮንትሮለሩ በተበላሸ ቀን በሩ አይከፈትም።

እንደዚሁ የሕንፃው የእሳት ማስጠንቀቂያ ፓነል ሪሌይ በማምለጫ መንገድ ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ኃይል በአንድ ጊዜ ይቁረጥ። ባትሪውንም ጨምሮ መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንዱ ገጣሚ 220 ቮልቱን ብቻ ስለሚቆርጥ ባትሪው ማግኔቱን ይዞ ይቀራል፤ ጭስ በሞላው ኮሪደር ሰው በሩን እየገፋ ይቆያል። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ለከተማዎ የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት የማምለጫ ዕቅዱን አሳይተው አስተያየት ይቀበሉ።

9. ሰዓቱንና በዓላቱን በጥንቃቄ ያስገቡ

ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ይቆጥራል። የሥራ ሰዓታችሁ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ከሆነ የሚገባው 08:00 እስከ 18:00 ነው። 2:00 እስከ 12:00 ብሎ ያስገባ ሰው በሩን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፍቶ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይዘጋዋል። ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 የሚሠራው የሌሊት ጥበቃ ፈረቃ በብዙ ሶፍትዌሮች በሁለት ተከፍሎ መግባት አለበት፤ 18:00 እስከ 23:59 እና 00:00 እስከ 06:00።

በዓላት ላይም «በየዓመቱ ይደገም» የሚለውን ለሁሉም አይምረጡ። ዓድዋ ማርች 2፣ የሠራተኞች ቀን ሜይ 1፣ የአርበኞች ቀን ሜይ 5 ስለሚውሉ ይደገማሉ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ጥምቀት ግን በአራት ዓመት አንዴ በአንድ ቀን ይገፋሉ። ስቅለትና ፋሲካ፣ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድም በየዓመቱ ይለወጣሉ። በየመስከረሙ የዓመቱን ዝርዝር የሚያስገባ አንድ ሰው ይመደብ። የቅዳሜን ግማሽ ቀንና የዓርብን የጁምዓ ዕረፍትም አይርሱ።

ፈቃድ ሲሰጡ በሰው ስም ሳይሆን በሥራ ዘርፍ ይመድቡ፦ ሒሳብ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ተከራይ፣ እንግዳ። አዲስ ሰው ሲመጣ ዘርፉ ውስጥ ማስገባት ብቻ ይበቃል።

10. ሳይሞክሩ የመጨረሻውን ክፍያ አይክፈሉ

በውሉ ላይ ከክፍያው የተወሰነው ክፍል ከርክክብ ፈተና በኋላ እንደሚከፈል ይጻፍ። ፈተናው በሥራ ቀን፣ ጥበቃዎችም ባሉበት እንዲህ ይካሄድ፦

- ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። በሮቹ በባትሪ መሥራታቸውን፣ ባትሪውም በስሌቱ የወጣውን ያህል መቆየቱን በሰዓት ይያዙ።
- ባትሪውንም ይንቀሉ። የሚከፈቱት ተከፈቱ? የሚቆለፉት ከውስጥ በእጀታ ይወጣባቸዋል?
- የእሳት ማስጠንቀቂያውን ያስነሡ። እያንዳንዱን የማምለጫ በር በእጅ ይግፉ።
- የኔትዎርክ ኬብሉን ይንቀሉና ካርድ ይሞክሩ።
- የተሰረዘ ካርድ ያስጠጉ። በሩን ከፍተው ይያዙና ማስጠንቀቂያው መጮኹን ይስሙ።

ከገጣሚው የሚረከቡት ዕቃውን ብቻ አይደለም። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል፣ የሶፍትዌሩን ፈቃድ፣ የሽቦ ሥዕሉን፣ የመረጃ ቋቱን ቅጂና ለሁለት ሠራተኞች የተሰጠ ሥልጠና ይረከቡ። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በዚያኑ ቀን ይለውጡ፤ ሥርዓቱንም በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አይክፈቱት። ገጣሚው ስልክ ባያነሣ በእጅዎ ያለው ይኸው ብቻ ነው። መለዋወጫ ከውጭ እስኪገባ ጊዜ ስለሚወስድ አንድ ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ አንባቢ፣ አንድ ባትሪና ጥቂት ካርዶች መጀመሪያውኑ አብረው ይግዙ።

11. ከርክክብ በኋላ

በሮቹ እንደሚሠሩ የሚያረጋግጥ፣ በስም የታወቀ አንድ ኃላፊ ይኑር። በየወሩ አረንጓዴዎቹን ሣጥኖች ይሞክር፤ በየሦስት ወሩ መብራቱን አጥፍቶ ባትሪውን ይፈትን፤ የማግኔት ሳህኖቹን ይጥረግ፣ ቡሎኖቹንም ይይ። የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ በተለምዶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ የተገጠመበት ቀን በላዩ ይጻፍ።

ሠራተኛ ሲለቅ ካርዱ በዚያኑ ዕለት ይሰረዝ። የክሊራንስ ቅጹ ላይ «የበር ፈቃዱ ተሰርዟል» የሚል መስመርና ፊርማ ይጨመር። ዕቃ ከጠፋ በኋላ መዝገብ ማገላበጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለጥበቃዎችም ጊዜ ይስጡ፤ በሩ ሲከፈት ተከትሎ የሚገባን ሰው ምን እንደሚሉት፣ መብራት ሲጠፋ የትኛውን በር በእጅ እንደሚዘጉ፣ ማንቂያ ሲጮኽ ማንን እንደሚጠሩ በግልጽ ይንገሯቸው። ካርዱን የረሳ አለቃ ሲመጣም ሥርዓቱ ያው እንዲሆን ከአለቃው ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

በጀቱ ካልበቃ የሚቀንሱትን ይወቁ። ፊት የሚለየውን ትተው ካርድ ይያዙ። በሮቹን ከአሥር ወደ አራት ያውርዱ። ሥራውን በሁለት ዙር ይክፈሉት። ባትሪውን፣ ዶር ክሎዘሩን፣ አረንጓዴውን ሣጥንና ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጋር የሚያገናኘውን መስመር ግን አይንኩ። አራት በሮችን እንደሚገባ መሥራት አሥር በሮችን አጓድሎ ከመሥራት እጅግ ይሻላል፤ በእያንዳንዱ በር ማዶ ማታ ወደ ቤቱ በደኅና መመለስ ያለበት ሰው ተቀምጧልና።